ቁልሉ አልወርድም ያለ ጊዜ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ጆሮ የሌላችሁም ተዋሱና ኑ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ወርቅ ፈላጊዎች አንድ ኮረብታ ቆፈሩ። ሆዱን ወደ ውጭ ገለበጡት። ወርቁን ይዘው ሄዱ፤ አፈሩን ከምረው ተዉት። የክምሩም ስም ቁልል ተባለ። ቁልል ራቁቱን ነበር። ከእግሩ ሥር በሁለት ዓይን የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ ነበረች። ሌላ ጎረቤት ስላልነበረው ማለዳ ማለዳ ከእሷ ጋር ያወራ ነበር።

ክረምት ገባ። አያ ጎርፍ እያገሳ መጣ።

«ቁልል፣ ና እንውረድ!»

«አልወርድም። ከታች ምንጭ አለች፤ እቀብራታለሁ።»

«በምን ይዘህ ልትቀር? ሣር የለህ፣ ሥር የለህ!» ብሎ ጎርፍ ሳቀና ትከሻውን ገምሶ ወሰደ።

ጭቃው ምንጯ ደጃፍ ደረሰ። ምንጯ ሳል ያዛት። «ጋሼ ቁልል፣ ምን በደልኩህ?» አለች።

ክረምቱ ሲያልፍ ቁልል የመንገድ ዳሩን ሰርዶ ለመነው። «እጅህ ብዙ ነው፤ እባክህ ያዘኝ።» ሰርዶ እየዳኸ መጣ። ግን ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆነ።

«ምነው ከሳህ?»

«ራበኝ! አንተ ዘንድ ድንጋይ እንጂ የሚቀመስ የለም።»

ከማዶ የበቀለችው ግብጦ ይህን ሰማች። ፍሬዋ መራራ ነውና ማንም ጠርቷት አያውቅም። «እኔ ምግቤን በሥሬ አዘጋጃለሁ፤ ለሰርዶም ይተርፋል» አለች ቀስ ብላ።

«ከዚች መራራ ጋር? ምሬቷ ይጋባብኛል!» አለ ሰርዶ።

ቁልል ማንንም ላለማስቀየም ለያያቸው። ሰርዶን ከታች፣ ግብጦን ከላይ አደረገ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። «ቁልል፣ ና እንውረድ!»

«አልወርድም!»

ጎርፍ ግን በግብጦ አገዳዎች መካከል ክፍት በር እንዳገኘ አለፈ። የተራበውንም ሰርዶ እየነቀለ ወረደ። የምንጯ አንድ ዓይን ተደፈነ።

«ጋሼ፣ የሚመጣውን ክረምት አላልፈውም» አለች።

ያን ጊዜ ቁልል ተቆጣ። «ሰርዶ! ምንጯ ልትሞት ነው፤ አንተ ጎረቤት ታማርጣለህ! ወይ ከግብጦ ጋር ተቀላቀል፣ ወይ ከላዬ ውረድልኝ።»

የተረፈው ሰርዶ እያጉረመረመ ተቀላቀለ።

አንድ ቀን እመት ፍየል መጣች። «ሰርዶዬ፣ አምሮብሃል!» ብላ ጎረሰች። ከሰርዶው ጋር ግን የግብጦ ቅጠል ገባባት። «እትፍ! እትፍ! ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ!» ብላ ሄደች። አልተመለሰችም።

ሰርዶ አፈረ። «እህት ግብጦ፣ ለካ ምሬትሽ አጥር ነው።»

«ዝም ብለህ ብላ» አለችው።

በበጋው ግብጦ መድረቅ ጀመረች። ሰርዶ ደነገጠ። «ልትሄጂ ነው?»

«የእኔ ዕድሜ አጭር ነው። ሥሬ ይበሰብስልሃል፤ እሱን ብላ። ፍሬዬን ግን አደራ፣ ጎርፍ እንዳይወስድብኝ።»

ሦስተኛው ክረምት ገባ። «ቁልል፣ ና እንውረድ! ያቺ ግብጦህም ሞታለች!»

«አልወርድም» አለ ቁልል በዝግታ።

ጎርፍ ገፋ። ሰርዶ ግን ጠግቦ ነበር፤ ክንዱ ወፍሯል። በአንድ እጁ አፈሩን፣ በሌላ እጁ የግብጦን ፍሬ ጨበጠ። ጎርፍ አንዴ ገፋ፣ ሁለቴ ገፋ፣ ሦስቴ ገፋ። ደከመው። በዳር በኩል እያነከሰ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ በሰርዶ ጣቶች መካከል ትንንሽ ግብጦዎች ብቅ አሉ። ምንጯም ጭቃዋን ጠርጋ በሁለት ዓይኗ ቀና ብላ አየች።

«ጋሼ ቁልል! ለብሰሃል እኮ!»

ቁልል አፍሮ ሳቀ።

አያችሁ፣ የቆሰለ መሬት የሚድነው አንዱ ሲያበላ፣ ሌላው ሲይዝ ነው። መራራ ነው ብላችሁ ጎረቤት አትግፉ፤ አጥራችሁ እሱ ይሆናል።

እኔ ተረቴን አደራ ሰጥቻለሁ፤ እናንተ እንደ ሰርዶ ያዙልኝ።