የተቆለፈበት ሌንስ

ወለላ ልጄ፣ ፎቶ ማንሳት የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። «የማውቀውን ሁሉ ለማኅበሩ ልጆች ካካፈልኩ ለእኔ ምን ይቀረኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ሰው የጅማ ነዋሪ ነበር። እንጀራው በሌላ ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው ለነፍሱ ነው። እሱ ያነሳው ፊት ሁሉ ግን ፈክቶ ይታያል። የከተማው ፎቶ ወዳጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ዘዴ ይለዋወጡ ነበርና «እባክህ፣ እንዴት ነው የምታደርገው?» ይሉታል። «ካሜራው ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። ወጡን ያጣፈጠው ድስቱ ነው እንደ ማለት! ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የእኔ የሚለው ነገር ያቺ ዘዴ ብቻ ስለነበረች፣ እሷን ከሰጠ ባዶውን የሚቀር መሰለው። ያሳዝነኛል እንጂ አልፈርድበትም። ጥያቄው ሲበዛበት ጊዜ ቅዳሜ መምጣቱን ተወው።

ክረምት ገባ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ሰውየው ሌንሱ እንዳይበላሽበት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከቶ፣ ሳጥን ቆለፈበት። ቅዳሜ ቢመጣ ኖሮ «ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ሌንሳችሁን አውጥታችሁ አናፍሱት» ሲባባሉ ይሰማ ነበር።

አባቱ ፎቶ የሚባል ነገር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ስንት ዓመት ለምኗቸው እምቢ ብለዋል። መስከረም ላይ ታመሙና አንድ ጠዋት «በል ና፣ ሳልሄድ አንሳኝ» አሉት። ሮጦ ሳጥኑን ከፈተ። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ቢያነሳቸው የአባቱ ፊት ጉም ለበሰ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እያፈረ ወደ ሸሻቸው ሰዎች ሄደ። የሆነውን ሲነግራቸው አንዲት ሴት ምንም ሳትጠይቀው ካሜራዋን ከአንገቷ አውልቃ «ሂድ፣ አባትህን አታስጠብቅ» አለችው።

ይሄኔ በሩ ላይ እንደቆመ አንደበቱ ተፈታ።

«ካሜራው አይደለም» አላቸው። «ሰውየውን መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ጥላ ባለበት ጉንጩ በኩል ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ እዘረጋለሁ። ነጠላው ብርሃኑን ይመልስለታል። ይኸው ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ለአባትህስ ነጠላውን ጭናቸው ላይ ጣል አድርግላቸው፤ ሕመም ዓይን ሥር ያጠቁራል፣ ከታች ያበራላቸዋል» አለችው።

ይህን እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። እንዳለችው አድርጎ አነሳቸው። ሽማግሌው ብዙም አልቆዩም። ፎቷቸው ግን ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ዓይናቸው ቦግ ብሎ ልጃቸውን ያዩታል።

ወለላ ልጄ፣ ያ ሌንስ ያንቺ እውቀት ነው። ሰው እንዳይወስድብኝ ብለሽ ብትቆልፊበት ሻጋታ ይወስደዋል። አየር ሲያገኝ ግን ላንቺም ይበረክታል። ምን ይቀረኛል አልሽ? ለዚያ ሰው ዘዴውን ሰጥቶ የቀረለት የአባቱ ዓይን ነው። በይ ተነሺ፣ ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ የማኅበሩ ልጆች እየጠበቁሽ ነው።