የእመት ጃርት ምልክትና የአያ ዝንጀሮ እንስራ

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደኛ ገበያ ይወጡ በነበረበት ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አገር፣ እመት ጃርት የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። መቼም እንደ እሷ ያለ ተጠራጣሪ አልተፈጠረም። አፈሩን ትነፋለች፣ ትመረምራለች፣ ደግማ ትነፋለች። እንስራው ከእሳት ሲወጣ ኳ! ኳ! አድርጋ ታዳምጥና፣ «ደህና ነው... ይመስለኛል» ትላለች። ድምፁ ካላማራት ራሷ ትሰብረዋለች።

ችግሩ ገበያው ላይ ነበር። የሁሉም ሻጭ እንስራ ቀይ፣ የሁሉም ሆዱ ድብልብል። አንድ ቀን እትዬ ኤሊ መጥታ፣ «እመት ጃርት፣ ያንቺን እንስራ በምን ልለየው? ባለፈው ተሳስቼ የሌላ ሰው ሥራ ብገዛ፣ ተሸክሜው የምዞረውን ቤቴን ውኃ አጥለቀለቀው!» አለቻት።

ጃርት አሰበች፣ አሰበች። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለችና ገና ባልደረቀው እንስራ አንገት ላይ ሦስት ጭረት ጫረች። ራቅ ብላ አየችው፤ ይታያል። ይበልጥ ራቀች፤ አሁንም ይታያል። ገበያ ስትወጣም እንዲህ እያለች ተጣራች፦

«ጭረቱን እዩት ባንገቱ፣
እመት ጃርት ናት እናቱ!»

ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው ሁሉ አንገት አንገቱን እያየ ይገዛ ጀመር።

ከጎኗ የሚሸጠው አያ ዝንጀሮ ቀና። እሱ እንስራውን ሳይደርቅ እሳት ውስጥ ይከታል፣ ሳይበስል ያወጣል። «ለካ ነገሩ ጭረቱ ኖሯል!» አለና እሱም ጫረ። «ጭረቱን እዩት ባንገቱ!» ብሎም ጮኸ። እናቱ ማን እንደሆነች ግን ዋጥ አደረጋት።

ጃርት ነጥብ ጨመረች፤ ዝንጀሮም ነጥብ ጨመረ። ጃርት ክብ ጨመረች፤ ዝንጀሮም ክብ ጨመረ። «ውይ፣ የኔው ይበልጥ አማረ!» አለ ደግሞ።

አንድ የገበያ ቀን አያ አህያ ጀርባው በስብሶ፣ ገል ተሸክሞ መጣ።

«እመት ጃርት! ሙያሽ ይኸው ነው? ውኃው መንገድ ላይ ፈሰሰብኝ እኮ!»

«ከኔ ነው እንዴ የገዛኸው?»

«ከዝንጀሮ ነው። ጭረቱ ግን ያንቺ ነው፤ ካንቺ ወስዶ ነው የሸጠልኝ፤ የሱ እጅ ደግሞ መቼ ሸክላ ያውቃል?»

ይህን የሰማ ሁሉ ከጃርት ሸሸ። እሷም ሸክላዋን ይዛ ተመለሰች። «ጥፋቱ የኔ ይሆን?» እያለች አንድ በአንድ አንኳኳች። ሁሉም ኳ! አለ። «እንግዲያው የተሰነጠቀው ስሜ ነው» አለች። «እሱ ካልተጠገነ ሙያዬን ጥዬ ሥር ቆፍሬ ልበላ ነው።»

በሚቀጥለው ገበያ መሀል ቆመች፦

«ጭረቱን እዩት ባንገቱ፣
እመት ጃርት ናት እናቱ!

ስሙኝ! እኔ የሸጥኩት እንስራ፣ የቆየም ይሁን አዲስ፣ ቢያፈስ አምጡት፤ በሌላ እተካለሁ!»

አያ ዝንጀሮ መቅዳት እንጂ ማሰብ የት ያውቃል? ዘሎ ተነሣና፣ «እኔም! እኔም የሸጥኩት ቢያፈስ እተካለሁ! እንዲያውም በአንዱ ሁለት!» ብሎ ደነፋ።

በሳምንቱ ጃርት ዘንድ ገል ይዞ የመጣ አልነበረም። ዝንጀሮ ዘንድ ግን ሰልፉ ወንዙን ተሻገረ። ከፊት የቆመው አህያ ነው።

«አያ ዝንጀሮ፣ በአንዱ ሁለት አላልክም?»

ዝንጀሮ እየተቁነጠነጠ ሁለት ሰጠው። አህያ እዚያው ውኃ ሞላባቸው፤ ሁለቱም እዚያው ያንጠባጥቡ ጀመር።

«ይኸው፣ ሁለቱም ያፈሳሉ። እንግዲህ አራት ልትሰጠኝ ነው!»

ከኋላ ያለው ሰልፍ፣ «ለኛም! ለኛም!» አለ። አያ ዝንጀሮ ሰልፉን አየ፣ እንስራውን አየ፣ ከገበያው በላይ ያለውን ገደል አየ። ከዚያ ጭራውን ቀስሮ ሽቅብ ፈረጠጠ። ይኸው እስከ ዛሬ ከገደል አልወረደም።

አህያም ወደ ጃርት ዞረና ጆሮውን ጥሎ፣ «እመት ጃርት፣ ይቅር በይኝ። እስቲ ከራስሽ እጅ አንድ እንስራ ስጪኝ» አላት።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ «የሰው ጌጥ ሲቀዱት ያምራል፤ የሰው ቃል ሲቀዱት ይመራል» የሚባለው።