ሐይቁን የጠጣችው እንግዳ

እስቲ ንገሩኝ፤ እንግዳ ለስንት ዓመት እንግዳ ነው?

ድሮ፣ ሣርም አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ውሃ የሚጠጣው በተራ ነበር። ተራውን የሚያዘው የውሃ አባት የተባለው ኤሊ ነው። ሣር በተራው፣ በቆሎ በተራው፣ ሸንበቆ በተራው። እንግዳ ሲመጣ ግን ይቀድማል። ወጉ ነው።

አንድ ቀን ጽጌረዳ ፓምፕን አስከትላ ከባሕር ማዶ መጣች።

«እንግዳ ነኝ» አለች።

«ቅደሚ ልጄ» አለ ኤሊ።

ፓምፕ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ ሳበላት፤ ጠጣች። በማግስቱ ተቆርጣ በአውሮፕላን ወደ ማዶ ገበያ ሄደች። ከዚያው ግንድ ሌላ አበባ ፈነዳች።

«እኔ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው፤ እንግዳ ነኝ።»

«ቅደሚ ልጄ።»

በሦስተኛውም ቀን ሌላዋ፣ «እንግዳ ነኝ።»

«ቅደሚ ልጄ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሐይቁ ሸሸ። ሣሩ ደረቀ፤ መሬቱ ጨው አወጣ። ለእንቁራሪት ልጆች የቀረቻቸው አንዲት ኩሬ ብቻ ነበረች፤ እሷም ጭቃ ልትሆን ነው።

እንቁራሪት ወደ ፓምፕ ሄደች። «ጋሽ ፓምፕ፣ ትንሽ አረፍ በል፤ ልጆቼ ሊያልቁ ነው።»

«እኔ ጉሮሮ እንጂ ሆድ የለኝም። ጠጪዋን ጠይቂ።»

ወደ ጽጌረዳ ሄደች። «እመቤት፣ ውሃችንን የት አደረሽው?»

«የቱን ውሃ? እኔ እንደሆን ዛሬ ነው የመጣሁት!»

ወደ ኤሊ ሄደች። «አባ፣ ልጆቼ!»

«ምን ላድርግ ልጄ? እንግዳ ተራ ጠብቂ ይባላል? ነውር አይደለም?»

«እንግዳ ከሆነች ሥሯ የት አደረ?»

ኤሊ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሄዶ አፈሩን ጫረ። ሥሩ ወፍሮ እስከ በቆሎ ማሳ ድረስ ተዘርግቷል።

«አንተስ መቼ መጣህ?»

ሥሩ አፈረ። «እኔማ ከመጣሁ ቆየሁ። ሂያጆቹ አበቦቹ ናቸው።»

«በል እንግዲያው!» አለ ኤሊ። «እንግድነት ለሚሄድ ነው። ሥር የሰደደ ተራውን ይጠብቅ!»

ጽጌረዳ እያጉረመረመች ከሸንበቆ ኋላ ተሰለፈች። ፓምፕም መሳቡን አቆመ። ያን ጊዜ ወንዙ መንገድ ላይ ሳይጠለፍ ወርዶ ኩሬዋን ሞላት። ልጆቹ ጭራቸውን እያወናጨፉ ዋኙ። እንቁራሪት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ፣ እፎይ ብላ ተነፈሰች።

ኤሊ ቀረብ አለ። «እንግዲህ ልጆችሽ ተረፉ። በይ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ።»

«መትረፋቸው ደስ ብሎኛል አባ። ግን የጠጣችውንም፣ የሳበላትንም፣ ማዶ ሆኖ ያሸተታትንም፣ ቅደሚ ያሏትን እርስዎንም ይቅር አልልም። ማንንም።»