በወርቅ የተጠለፈው ቃጫ

አንድ ንጉሥ የአገሩን እህል ሁሉ በጥልቅ ጉድጓድ ያስቀምጥ ነበር። እህል ታፍኖ ሲከርም ከባድ አየር ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከጉድጓዱ ግርጌ ይተኛና የወረደውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ስለዚህ በዚያ አገር ሰው ከመውረዱ በፊት የተለኮሰ ኩራዝ በገመድ ይወርድ ነበር። ኩራዙ ከጠፋ ጉድጓዱ ተከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቃል። ልጆች በተራቡበት ጊዜ ደግሞ ያ መጠበቅ አንጀት ያሳርራል።

ታዲያ አንድ ጠቢብ መላ አመጣ። የእንሰት ቃጫ ጎንጉኖ፣ በአመድ ውሃ ነክሮ፣ ወፍራም ምንጣፍ ሠራ። ጉድጓዱ ውስጥ ቢሰቅሉት ከባዱን አየር ይዞ አስቀረው፤ ኩራዙም ቦግ ብሎ በራ። ጠቢቡ ሲሰናበት፣ «ሲሞላ አውጡትና ሜዳ ላይ በፍም አሙቁት፤ የያዘውን ይለቃል። ከዚያ መልሳችሁ ስቀሉት» አለ።

አይ የእኛ ነገር! ንጉሡ ከደስታው ብዛት ምንጣፉን በወርቅ ክር አስጠለፈው። ዘበኛ አቆመለት፤ «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ እጅ ይነሳ ጀመር። ኩራዝ ማውረድም የንጉሡን ጥበብ መጠራጠር ነው ተብሎ ተከለከለ።

ክረምቱ ዘገየ፤ ረሃብ ገባ፤ ጉድጓዱ ይከፈት ተባለ። እህል አውጪው ይርዳው ገመዱን ወገቡ ላይ ሲያስር ሚስቱ አስካለ ኩራዝ ይዛ መጣች።

ግምጃ ቤት ሹሙ ተቆጣ። «አንቺ ሴት፣ በጥበቡ አታምኚም?»

«ጌታዬ፣ በጥበቡ አምናለሁ፤ ባሌ ግን አንድ ነው» አለችና ኩራዙን አወረደችው።

ገና ከግማሽ ሳይደርስ ድርግም አለ። ይርዳው ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ንጉሡም ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ጠቢቡን በፈረስ አስመጣ።

«ምንጣፍህ ከዳን!» አለው።

«ጃንሆይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያሞቃችሁት መቼ ነው?»

«ማሞቅ? ይህን የመሰለ ነገር እሳት ላይ?»

ጠቢቡ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጃንሆይ ይማሩኝ። ቃጫው የሚችለውን ያህል ይዞ ሞልቷል። የተሠራው ሊሠራ እንጂ ሊሰገድለት አይደለም!»

ንጉሡ አፈረ፤ ቢያፍርም አልኮረፈም። የወርቁን ክር በገዛ እጁ በጣጥሶ ጣለው። ምንጣፉን ሜዳ አውጥተው አሞቁት፤ መልሰው ሰቀሉት። ኩራዙ እንደገና ወረደ፤ ታችኛው እህል ድረስ እየበራ ደረሰ። ይርዳው ተከትሎት ወረደ፤ ያን ቀን አገሩ በልቶ አደረ። ንጉሡም አዲስ አዋጅ አስነገረ፦ ምንጣፉን የሚያሞቅ ተረኛ ይኑር፤ ኩራዝ ሳይወርድም ሰው አይውረድ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ከዕፅዋት ቃጫ ያንኑ ከባድ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከአየር ላይ የሚይዝ ነገር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እኔ በሥራቸው አምናለሁ፤ ይሳካል! ግን መፍትሔ ተገኘ ብለን እጃችንን አጣጥፈን ከተቀመጥን፣ ጭሳችንንም እንደ ልባችን ከለቀቅነው፣ የያዘልን ነገር አንድ ቀን ይሞላል። ጥሩ መሣሪያ የሚያድነን አብረነው ስንሠራ ነው። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እናንተ ቤት እጅ እየነሳችሁለት፣ ግን ሳትሠሩበት የተቀመጠው መፍትሔ የትኛው ነው?