በአየር ቅርብ፣ በመንገድ ሩቅ

አንዲት መምህርት ስንት ሰው ደጅ እንደጠናች ልንገራችሁ፤ እናንተም እየቆጠራችሁ ስሙኝ።

መምህርት አትጠገብ የምታስተምረው ወይን ገደል ከተማ ነበር። ዋርካ ሜዳ ከተማ የሚኖሩት እናቷ ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄዶ በዚያ ክረምት ጨርሶ ጠፋ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ወደ እናቷ ከተማ መዛወር።

የዝውውር ኃላፊው አቶ ሙሉሸዋ ደንቡን አነበቡላት፤ የሚዛወር መምህር ቤተሰቡ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ መሆን አለበት። ማስመሪያ አንስተው የግድግዳውን ካርታ ለኩና ዘጠና ነው፣ ቅርብ ነው አሏት።

«እሱ በአየር ነው» አለች። «በመሃል ገደሉ አለ። አውቶቡሱ ዞሮ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ የምሄደው በአውቶቡስ ነው።»

እንግዲያው የመንገዱን ርቀት ከመንገድ ሥራ ቢሮ አጽፈሽ አምጪ አሏት።

ኢንጂነሩ መኪናችን ሄዶ ሳይለካ አልጽፍም አለ። ሾፌሩ ደግሞ ጎማዬ ተንፍሷል፣ ሳይጠገን አልነዳም አለ። ሾፌሩ ካልነዳ ኢንጂነሩ አይጽፍ፤ ኢንጂነሩ ካልጻፈ ኃላፊው አይፈርሙ፤ ኃላፊው ካልፈረሙ አትጠገብ እናቷ ዘንድ አትደርስ።

ጎማውን ራሷ እያንከባለለች ጎሚስታው ዘንድ ወሰደችው። መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው፣ መንፊያው አይሠራም አላት። ጎሚስታው ካልጠገነ ሾፌሩ አይነዳ፤ ሾፌሩ ካልነዳ ኢንጂነሩ አይጽፍ፤ ኢንጂነሩ ካልጻፈ ኃላፊው አይፈርሙ፤ ኃላፊው ካልፈረሙ አትጠገብ እናቷ ዘንድ አትደርስ።

ጥርሷን ነክሳ የመብራት ሠራተኛውን ፈልጋ አገኘችው። መሰላሌ ተሰብሯል አላት፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ረጅም መሰላል የእማማ ጥሩነሽ ብቻ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ተቀይመውኛል።

እማማ ጥሩነሽም አላውስም አሉ። ሠራተኛው ባለፈው ሲመጣ የጎመን ችግኛቸውን ረጋግጦ ሄዷል፤ መደቡ እንደነበረው ካልሆነ መሰላሉ ከግቢ አይወጣም። እሳቸው ካላዋሱ ሠራተኛው ምሰሶው ላይ አይወጣ፤ ሠራተኛው ካልወጣ ጎሚስታው አይጠግን፤ ጎሚስታው ካልጠገነ ሾፌሩ አይነዳ፤ ሾፌሩ ካልነዳ ኢንጂነሩ አይጽፍ፤ ኢንጂነሩ ካልጻፈ ኃላፊው አይፈርሙ፤ ኃላፊው ካልፈረሙ አትጠገብ እናቷ ዘንድ አትደርስ።

አትጠገብ ከዚህ በላይ የምትለምነው ሰው አልነበራትም። ከጎረቤት ችግኝ አመጣች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ተንበረከከችና መትከል ጀመረች። እማማ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያይዋት ቆዩ።

«ልጄ፣ ያጠፋው እሱ፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

እስከዚያ ድረስ ለምን እንደምትለፋ አንድም ሰው አልጠየቃትም ነበር።

«እናቴ ዓይኗ ጠፋ» አለች ቀና ሳትል። «ብቻዋን ናት። እሳት የምትለኩሰው በዳበሳ ነው።»

እማማ ጥሩነሽ ጓሮ ገብተው መሰላሉን በአንድ ጫፉ አነሡና «በዚያ በኩል ያዢ» አሏት።

እማማ መሰላሉን አዋሱ፤ ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ወጣ፤ መብራት መጣ፤ ጎሚስታው ጠገነ፤ ሾፌሩ ነዳ፤ ኢንጂነሩ ጻፈ፤ ሁለት መቶ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር። አቶ ሙሉሸዋ ወረቀቱን አዩ፣ ካርታውን አዩ፣ ፈረሙ።

ዋርካ ሜዳ ስትደርስ እናቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምነው እንዲህ ቆየሽብኝ?» አሏት።

አትጠገብ ስለ ኃላፊው፣ ስለ ኢንጂነሩ፣ ስለ ሾፌሩ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ደከማትና ተወችው።

«መንገዱ ሩቅ ነው እማዬ» አለችና ሻንጣዋን አስቀመጠች።