ሚዳቋ የረሳችው ድርሻ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አላችሁ? ዛሬስ በረቱን ትተን ወደ መስኩ እንውጣ።

በአንድ አገር የሁሉም የሆነ መስክ ነበረ። የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ጋጠው፤ ሣሩ አልቆ አፈሩ መታየት ጀመረ። ድንጉጧ ሚዳቋ ይህን አይታ እንቅልፍ አጣች። እንስሳቱን ዋርካ ሥር ሰብስባም፣ «ሁለት ክረምት ማንም እግሩን እንዳያስገባ እንማማል» አለች።

ሆዳሙ በሬ አጉረመረመ። «እመት ሚዳቋ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ድንጋይ ልጋጥ?»

«እሺ አያ በሬ፣ የወንዙ ዳር ላንተ ይሁን።»

ግትሩ አህያ ደግሞ ጆሮውን ቀስሮ፣ «እኔ ሣሩም ይቅርብኝ፤ መሐል መስኩ ላይ የምንከባለልበትን አቧራ ከከለከላችሁኝ ግን አልምልም» አለ።

ሚዳቋ ብትናደድም ዋጥ አደረገችው። «አቧራውም ያንተ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትነካ።»

ሁሉም ማለ።

በሁለተኛው ክረምት ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ። ሚዳቋ ደስ ብሏት ለምለሙን ልትቀምስ ገባ ብላ አንገቷን ብታሰግግ፣ አህያ ከነአቧራው ተነስቶ አገር ይያዝልኝ አለ።

«ምነው አያ አህያ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቄሻለሁ። ለበሬ ዳሩ፣ ለእኔ አቧራው፤ ላንቺስ ምን ተባለ?»

ሚዳቋ አሰበች። ለካ ሌላውን ስታስማማ የራሷን መጠየቅ ረስታለች።

«ምንም» አለች።

«እንግዲያው ውጪልኝ!»

ሚዳቋ ጦሟን ብታድርም፣ መስኩ ከእሷም ጭምር የሚጠብቀው አግኝቷልና ከሁለት ክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትባንን ተኛች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ከዳር ሆናችሁ አቀብሉኝ።