የእሳት ጠባቂው ዘንግ

አንድ የእሳት ጠባቂ ነበረ። ቆይ ተናኜ፣ አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁም። «መምህር፣ ነጭ የደም ሕዋስ ገዳይ ፕሮቲን ላዩ ላይ ይዞ የሚዞር ከሆነ ሰውነታችን ነፍሰ ገዳይ ይቀልባል ማለት ነው?» ነው ያልሽው። ነፍሰ ገዳይ! እንግዲያው ስሚ።

ጠባቂው በሚኖርበት መንደር ጎጆዎቹ ሁሉ ሣር ክዳን፣ የተጠጋጉም ነበሩ። በበጋ ነፋስ አንዱ ከተያያዘ ሁሉም አመድ ነው። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው በደጁ ምሰሶ ይተክላል። ቤቱ በእሳት ሲያያዝ ጠባቂው ያንን ምሰሶ በዘንጉ ከመታ፣ ባለቤቱ ራሱ የጣራውን ማሰሪያ ቆርጦ ቤቱን ወደ ውስጥ ያፈርሳል፤ እሳቱም ሳይዛመት ይታፈናል። ጠባቂው መጥረቢያ አይዝም። ከሩቅም አያዝም፤ ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አይቶ፣ ነክቶ ነው። በደህናው ቀን ያንኑ ዘንግ ይዞ ሲያልፍ «እንዴት ዋልክ» ይሉታል እንጂ የሚሸሸው የለም።

አንድ ቀን እሳት ተነሣ። ሮጦ ሲደርስ የሚጨሰው የታናሽ ወንድሙ ቤት ነው፤ ሙሽሪትን ይዞ ገና መግባቱ ነበር። ሰዉ ተያየ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! ይሄንንስ አይመታም» ተባባለ። ነፋሱ ደግሞ ወደ መንደሩ ይነፍሳል።

ጠባቂው እያለቀሰ ምሰሶውን መታ።

ወንድምየው አልተከራከረም። ሚስቱን አወጣና ማሰሪያውን ቆረጠ፤ ጣራው ቁጭ አለ። ጎረቤት ተረባርቦ አፈር አለበሰው። ከዚያ ቤት ሌላ አንድም ጎጆ አልነደደም። ወንድምየው ላቡን ጠርጎ፣ «ብታልፈኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አፍርብህ ነበር። ኮራሁብህ፣ ጋሼ!» አለው። በሳምንቱም መንደሩ በደቦ ወጥቶ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ቤት ሠራለት።

እንግዲህ ተናኜ፣ መንደሩ አንቺ ነሽ። ጠባቂው ነጭ የደም ሕዋስሽ፣ ዘንጉ ያ የፈራሽው ፕሮቲን ነው። በቫይረስ የታመመው ሕዋስም ምሰሶው ገጹ ላይ አለ። ጠባቂው ተጠግቶ ሲነካው ሕዋሱ ራሱን በሥርዓት ያፈርሳል፤ ቫይረሱ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር። ባለፈው ወር በትኩሳት ወድቀሽ እናትሽ ስታለቅስ፣ እነዚህ ጠባቂዎች ውስጥሽ ደጅ ለደጅ ሲሮጡ ነበር። ይኸው ድነሽ መጥተሽ ነፍሰ ገዳይ ትያቸዋለሽ። ኧረ ኩሪባቸው፣ ልጄ!